ይሄ የማን ቤት ነው?

የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ የሰሌዳውን ቁጥሮች አማካይ እያወጡ ሳሉ ሁለት ታጣቂዎች በሩ ላይ ቆሙ። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ታጣቂ ማየት አዲስ ነገር አልነበረም፤ እኔን ፈልገው ይመጣሉ ብዬ ግን አላሰብኩም። ጠመኔውን እንኳ ሳላስቀምጥ ወሰዱኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። የጤፍ ብናኝና የሰው ላብ ይሸታል። ከከላላ ወረዳ የመጡ አንድ ሼህ እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ምን አደረግህ ብለው ነው?»

«አላወቅሁም፣ ሼህ።»

«አብሽር» አሉኝ። «አላህ ያውቃል።»

ከሰዓት በኋላ ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ትሕትናው አስፈራኝ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። የኔ ሰሌዳ፣ የኔ የእጅ ጽሑፍ።

«መረጃ ሰብስበሃል» አለኝ።

«የሒሳብ ትምህርት ነው። የምዕራፉ ርዕስ ራሱ መረጃ አሰባሰብ ይላል።»

«በየቤቱ ስንት ሰው እንደሚያድር ጠይቁም ይላል?»

ልጆቹ የሚያውቁት ቁጥር ይሁን ብዬ ነበር የመረጥኩት። መርማሪው ጣቱን ስልኩ ላይ አሳረፈ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ቁጥር ላይ።

«ይሄ የማን ቤት ነው? እነማን ናቸው የሚያድሩበት?»

ክው አልኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚፈልጉት እኔን መስሎኝ ነበር። ቁጥሩን የነገረችኝ ከፊት የምትቀመጥ ልጅ ናት። ከገጠር ሸሽተው እነሱ ቤት የተጠጉትን ዘመዶቿን፣ ሕፃናቱን ሳይቀር ቆጥራ ነው የመጣችው። በደንብ ሠርተሻል ብዬ አስጨብጭቤላት ነበር።

«ስም አልጻፍኩም» አልኩ።

«አልጻፍክም። ግን ታውቃለህ።»

አላውቅም ብል ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርተው ይጠይቋቸዋል። ጥያቄው እኔው ላይ እንዲቆም ፈለግሁ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «አልናገርም።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተና በሩን ከፍቶ ውጭ የቆሙትን ታጣቂዎች ጠራ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልተርከውም። ወደ ክፍሉ ሲመልሱኝ ሼሁ ራሴን ደገፍ አድርገው ውኃ አጠጡኝ። ምንም አልጠየቁኝም። በቀጣዮቹ ሳምንታት ያው ጥያቄ ተመላለሰ፣ መልሴም ያው ሆነ። ክረምቱ ሲገባ ያለ ክስ ለቀቁኝ።

ዛሬም ያንኑ ምዕራፍ አስተምራለሁ። ልጅቷ እኔ በታሰርኩ ሰሞን ከነቤተሰቧ ከተማውን ለቃ እንደሄደች ሰምቻለሁ። የት እንደገቡ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ በመንገድ አገኛቸዋለሁ፣ ሰላም እንባባላለን። ትምህርቷን ቀጥላ ይሆን ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። እስካሁን ግን አንዳቸውንም ጠይቄ አላውቅም።