ኳስ ተቀባይ የሆንኩበት ጸደይ

የእህቴ ልጅ እኔ ቤት የመጣችው በመጋቢት ነው፤ አንድ ሻንጣ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ የቆዳ ጓንትና በፌስታል የተቋጠረ ጭቃ የበላው ጫማ ይዛ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሆላንድ ውስጥ፣ ሮተርዳም ከተማ በአንድ ክለብ ከወንዶች ጋር ቤዝቦል ትጫወታለች። ወርዋሪ ናት፤ ኳሷን ለመቺው የምትልከው እሷ ማለት ናት። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ከቤዝቦል የማውቀው ኮፍያውን ብቻ ነበር።

እናቷ፣ ማለትም ታላቅ እህቴ፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ላይ ነበረች። አንደኛው የልቧ በር በደንብ አልዘጋ ብሎ ደረጃ መውጣት አቅቷታል። ልጇን ከሮተርዳም ወደ እኔ፣ ዴንሃግ ከተማ ሙርዋይክ ሰፈር ልትልካት ስትነሳ ደወለችልኝ።

«ለምርመራ ነው የምተኛው በያት። ቀዶ ሕክምና የምትል ቃል ካፍሽ እንዳትወጣ።»

«ልጅቷ እኮ ሕፃን አይደለችም።»

«እማዬ ስትታመም ለእኛ ማን ነገረን? ይኸው አድገን የለም እንዴ?»

እማዬ መታመሟን ያወቅነው ደጃችን ላይ ድንኳን ሲተከል ነው። ይህን ግን አላነሳሁባትም። እሺ አልኳት።

ሆስፒታሉ ቀን ሰጠ፤ የባሰበት ሕመምተኛ መጣ ብሎ ሰረዘ። ሌላ ቀን ሰጠ፤ ያንንም ሰረዘ። እኔ ስኬቨኒንገን፣ ባሕሩ ዳር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። አንሶላ ስወጥር ስልኬ ኪሴ ውስጥ የነዘረ ይመስለኛል፤ አወጣዋለሁ፤ ምንም የለም። ቤት ስገባ ደግሞ መቀመጥ አልችልም። የቁምሳጥኑን ልብስ አወጣና መልሼ አጥፋለሁ፤ የታጠበ ሰሃን መልሼ አጥባለሁ። ልጅቷም ያው ናት። ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን እንደጣለች የቴኒስ ኳስ ይዛ ትወርዳለች፤ ከፎቁ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ እራት እስኪደርስ ትወረውራለች። ድው። ድው። ድው። ምን ሆነሽ ነው ስላት፣ «ምንም» ትለኛለች።

ሦስት ሳምንት እንዳለፈ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ምድር ቤት የሚኖሩት ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። በወጣትነታቸው ከካሪቢያኗ የኩራሳዎ ደሴት መጥተው ሮተርዳም ወደብ ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የመኝታ ክፍላቸው ግድግዳ ያ ልጅቷ የምትደበድበው ግድግዳ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ደነገጥኩ። በደችኛ ይቅርታ መደርደር ጀመርኩ።

«ትቸኩላለች» አሉኝ አቋርጠው።

«ማን?»

«ወርዋሪዋ ነቻ። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ሳዳምጣት ነው የሰነበትኩት። እግሯ ሲያርፍ ይሰማኛል፤ ወዲያው ኳሱ ግድግዳውን ይመታል። በመሀል ጊዜ የለም። እጇ እግሯን ይቀድማል ማለት ነው።»

ልጅቷ ከኋላዬ ብቅ አለችና በአማርኛ፣ «እሱ ደግሞ ምን ያውቃል?» አለች።

«እሳቸው» ብዬ አረምኳት።

ሰውየው ቋንቋችንን ባይሰሙም ነገሩ ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ቀኝ እጃቸውን ለማንሳት ሞከሩ። ከደረታቸው በላይ አልወጣ አለ። «ይህ ትከሻ እንዲህ የሆነው ከመወርወር ብዛት ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ አያለሁ፣ እሷ ትወረውራለች። የሚቀበላት ሰው ያስፈልጋል።»

ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም።

ልምምዱን የጀመርነው በሁለቱ ፎቆች መካከል ባለው ሣር ላይ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ኳስ የሚባል አላስነኳትም። የወጥ ቤት ፎጣ አስያዟትና ከዘራቸውን ወደፊት ዘርግተው ቆሙ። እንደምትወረውር ሆና ስትንደረደር የፎጣው ጫፍ የከዘራውን ጫፍ መንካት አለበት። ከቸኮለች አይደርስም።

«በፎጣ? ቤላኸለክ!» አለች። መሳቂያ ነው ማለቷ ነው። ሣሩ ላይ ወርውራው ወደ ቤት ገባች። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ግን መስኮቱ አጠገብ ብቻዋን ቆማ ፎጣውን ስታወናጭፍ አገኘኋት።

በሁለተኛው ሳምንት ኳስ ተፈቀደላት። እኔ ባልዲ ደፍቼ ተቀመጥኩ፤ ሽማግሌው ያዋሱኝን አሮጌ ጓንት አጠለቅኩ። የመጀመሪያዋ ኳስ ቅልጥሜን መታችኝ። ሁለተኛዋ አውራ ጣቴን አገኘችውና ጥፍሬ ጠቆረ። እሳቸው ግን የሚቆጡት እኔን ነው።

«ጓንቱን አሳዪያትና ተዪው! ለምን ኳሷን ታሳድጃለሽ? አንቺ ስትወዛወዢ እሷ የት ትላክ?»

ለእሷ ደግሞ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ሁለት ጣትሽን ስፌቱ ላይ አድርጊ። ጉልበትሽን አንሺ፤ እዚያ ላይ ቆዪ። ገና ቆዪ። አሁን ወደ አክስትሽ ተራመጂ፤ እግርሽ መሬት ሲይዝ ያኔ እጅሽ ይምጣ። አርባ ወርውራ ስትጨርስ ከዘራቸውን አነሱና «በቃ» አሉ። አንድ ብቻ ብላ ለመነች። «የልጅ ክርን አንዴ ከተበላሸ ተበላሸ። ለእኔ የሚቆጥርልኝ ሰው አልነበረም» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

እውነቱን ለመናገር ያችን አርባ ኳስ እኔም መጠበቅ ጀመርኩ። ኳሷ ጓንቱ መሀል ጧ ብላ ስትገባ ለዚያች ቅጽበት ስልክ የሚባል ነገር ይጠፋኛል።

ሦስተኛው ቀጠሮ ሐሙስ ሆነ፤ አልተሰረዘም። በዋዜማው ሆስፒታል ሄጄ ጠይቄያት ስወጣ እህቴ፣ «ሐሙስ እንደማንኛውም ቀን ይሁንላት» አለችኝ። ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። ከቀትር በኋላ እንደውላለን ብለው ነበር። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ምድጃውን ወለወልኩ፤ ጸሎት ጀመርኩ፤ መሀል ላይ ጠፋብኝ፤ ምድጃውን እንደገና ወለወልኩ። ልጅቷ ስትገባ ፊቴን እንዳታይ ብዬ ጓንቱን አነሳሁ።

«ነይ እንውረድ።»

«ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው።»

«ዛሬም ይሁን።»

ሽማግሌው በመስኮት አይተውን ወጡ። በጓንት ስልክ መያዝ ስለማይቻል፣ «ከጮኸ ይስጡኝ» ብዬ ሰጠኋቸው። ሌላ ምንም አላልኳቸውም። አሥር ኳስ ያህል እንደተወረወረ ጮኸ። እኔ ከባልዲው ላይ እስክነሳ እሳቸው ጆሯቸው ላይ አድርገውታል። ስልክ ሲይዙ እየጮኹ ነው የሚያወሩት፤ ደግሞም የምሥራች መስሏቸዋል።

«ከሆስፒታል ነው! ቀዶ ሕክምናው አልቋል! አዲሱ የልብ በር ይሠራል! ብዙ ደም ስለፈሰሳት ግን ገና አልቀሰቀሷትም!»

ልጅቷ ጉልበቷን አንስታ ነበር። ቀስ ብላ አወረደችው።

«የማን ልብ?»

ሰውየው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ስልኩን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። ነርሷ የምትለኝን እየሰማሁ ቀና ስል ኳሷ ሣሩ ላይ ቀርታለች፤ ልጅቷ ወደ ባቡር ጣቢያው እየሮጠች ነው። ተከተልኳት። ሙርዋይክ ጣቢያ መድረኩ ላይ ስደርስ የሮተርዳሙ ባቡር በሩን ሊዘጋ ሲል ገባሁ። ፊት ለፊቷ ስቀመጥ ነው ጓንቱ እጄ ላይ እንዳለ ያየሁት።

ባቡሩ ዴልፍት ከተማ ሲደርስ ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከመጋቢት ጀምሮ።»

«ሁሉም እናትሽ እንዴት ናት ሲሉኝ ምርመራ ላይ ናት እላለሁ። እንደ ሞኝ!»

«እንዳትጨነቂ ብላ ነው እናትሽ።»

«ስጨነቅ ነበር እኮ!» ድምጿ ከፍ ሲል አንድ ሰው ከጋዜጣው ቀና አለ። «ስትስቂ የውሸት ትስቂያለሽ፤ ስልክ ሲጠራ ሽንት ቤት ትገቢያለሽ። አንድ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ያበድኩ መስሎኝ ነበር፣ አክስቴ።»

ይቅርታ አልኳት። ይቅርታዬን ተቀበለች ወይም አልተቀበለችም ማለት አልችልም፤ ጓንቱን ከእጄ ላይ ስባ አወለቀችልኝና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ እህቴ በቱቦና በገመድ ተተብትባ ተኝታለች። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ልጅቷ ግን ገብታ ነርሷን ትጠይቅ ጀመር። ይህ ቱቦ ምን ያደርጋል? ደሙ ቆሟል? ያማታል አሁን? መቼ ነው የምትነቃው? ልትሞት ትችላለች? ነርሷ አንዱንም ሳታልፍ ሁሉንም መለሰችላት። የመጨረሻውንም፤ ዛሬ እንደማይመስላት፣ ግን ቃል መግባት እንደማትችል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ወደዚያ ሆስፒታል ስደውል ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ አፌ ላይ አላመጣሁም። ልጅቷ የእናቷ እጅ መርፌ ስለነበረበት እግሯን ያዘች።

አርብ ከሰዓት በኋላ እህቴ ነቃች። ድምጿ እንደ አሸዋ ሻክሯል፤ ያም ሆኖ የመጀመሪያ ቃሏ ለእኔ ነበር።

«ማን ንገሪያት አለሽ?»

«ማንም አልነገረኝም» አለች ልጇ ውሃ ይዛ እየገባች። «አንድ ሽማግሌ ሲጮኹ ሰማሁ። ለምን ደበቅሽኝ?»

እህቴ ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎኝ ነበር፤ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ሲወርድ ግን አየሁ። «ስለፈራሁ ነው» አለች። እህቴ እንዲህ ስትል በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም።

በማግስቱ ልጅቷ አምስተርዳም ውድድር ነበራት። አልሄድም አለች፤ ከዚያ እሄዳለሁ አለች፤ ባቡሩ ላይ ደግሞ እንመለስ አለች። ሽማግሌው አብረውን ነበሩ። ምስጢር መሆኑን እንዳላወቁ ነገሯት። «ደግ አደረጉ» አለቻቸው በደችኛ፣ በአክብሮት።

ጨዋታው በፊልም ቢሆን ኖሮ ታሸንፍ ነበር። ያን ቀን ኃይለኛ ነፋስ አለ። የመጀመሪያዎቹ ኳሶች ወደ ጎን ወጡ፤ ዳኛው «ዋይድ!» ይላል፤ ወጣች ማለቱ ነው፤ ደግሞ «ዋይድ!»። እንዲህ አራቴ ከተባለ መቺው ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ማዕዘን በነፃ ይሄዳል። ሦስት ልጆች ተከታትለው በነፃ ሄዱ። እኔ ከአጥሩ ኋላ ቁጭ ብድግ እላለሁ፤ ስልኬን አያለሁ፤ ሜዳውን አያለሁ። ሽማግሌው የአጥሩን ሽቦ ጨብጠው፣ «ቆዪ… ገና ቆዪ…» ይላሉ ለራሳቸው። አራተኛው መቺ መጣ። ልጅቷ ጉልበቷን አነሳች፤ ቆየች። እግሯ መሬት ያዘ፤ ከዚያ እጇ መጣ። ልጁ ዱላውን ያወናጨፈው ኳሷ ካለፈች በኋላ ነው። ሁለቴም ሦስቴም እንዲሁ አድርጋ አስወጣችው። የሚቀጥለው ልጅ ግን ኳሷን አሽቀንጥሮ መታት፤ በነፃ የሄዱት ሦስቱም ሮጠው ነጥብ አስቆጠሩ። በሦስተኛው ዙር አሠልጣኙ በሌላ ቀየራት። በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ። ስትመለስ ሁለት ዳቦ በላችና ትከሻዬ ላይ ተኛች።

እህቴ ከሆስፒታል ስትወጣ በጋው እስኪገባ እኔ ዘንድ ከረመች። እኔና እሷ ተኮራረፍን፤ እንደ እህትማማች ያለ ምክንያት ታረቅን። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቋት ሲመጡ «ትንሽ አሞኝ ነበር» ስትል፣ ልጇ «ልቧ ተከፍቶ ነበር» ብላ ታርማታለች። እንግዶቹ አማተቡ፤ እህቴ አፈረች፤ ከዚያ እውነቱ ሲነገር መልመድ ጀመረች።

ለመጨረሻው ክትትል ሮተርዳም ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሙ ጥያቄ እንዳላት ሲጠይቃት እህቴ እንደ ልማዷ፣ «ምንም የለኝም፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ልጅቷ ስልኳን አወጣችና የጻፈችውን ማንበብ ጀመረች፤ ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። ስለ ኪኒኑ፣ ስለ ጠባሳው፣ ስለ ደረጃው። የደረቷ አጥንት በደንብ እስኪገጥም ከባድ ነገር እንዳታነሳ አላት። ልጅቷ ጻፈች።

ስንወጣ እህቴ ቀስ ብላ ነበር የምትራመደው። ልጅቷ ወደ ትራሙ ትሮጣለች፤ ዞር ብላ ታየንና ትመለሳለች፤ ደግሞ ትሮጣለች። እኔ መሀላቸው ሆኜ ከማን ጋር እንደምራመድ ግራ ገብቶኝ አንዴ እፈጥናለሁ፣ አንዴ እቆማለሁ።