ለእንግዳ የነደዱ ሁለት ቦይለሮች

በዚያ ጠዋት ቦይለር ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። ሥራ አስኪያጁ በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ለዕለቱ ከረባት አስረዋል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣችው ተቆጣጣሪ ላፕቶፕዋን ባዶ በርሜል ላይ አስቀምጣ መሐል ላይ ነበረች። ኤሌክትሪሺያኑ ከማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ሥር ነው። የቦይለሩ ሠራተኛ በሁለቱ ቦይለሮች መካከል እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ እንደ ሠርግ ቤት አሳላፊ ቆሟል። እኔ ከሁሉም ኋላ፣ ከናፍጣ ታንከሩ አጠገብ ነበርኩ። የዘወትር ቦታዬ ነው።

የምንሠራው ከጳውሎስ ሆስፒታል ብዙም በማይርቅ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የእኔ ድርሻ በየጠዋቱ የመብራት ቆጣሪውንና የናፍጣ ታንከሩን አንብቤ በደብተር መጻፍ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ግማሽ ቀን እንድሠራ ስለጠየቁኝ እስከ ስድስት ሰዓት እቆያለሁ። ወደ ቢሮ የሚሄደው የወሩ ድምር ብቻ ስለሆነ፣ ደብተሩን ከእኔ በቀር የሚገልጠው ሰው አልነበረም። በኋላ ፋብሪካዎች ኃይል እንዲቆጥቡ የሚል ብሔራዊ ስትራቴጂ ወጣ። እኛም አንድ ብርድ ልብስ ለመሥራት ምን ያህል ናፍጣና መብራት እንደምንፈጅ በየዓመቱ ሪፖርት እንድናደርግ ታዘዝን። የዘንድሮው ሪፖርታችን "ቀንሷል" ይላል። ተቆጣጣሪዋ የመጣችው እውነት መሆኑን ለክታ ልታረጋግጥ ነው።

የቦይለሩ ሠራተኛ ይህን ቀን ሲጠብቅ ከርሟል። ወደ ማጠቢያው ክፍል የሚሄደውን የእንፋሎት ቱቦ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖ፣ ሙቀት በሚይዝ ጥጥ መሳይ ነገር ጠቅልሎታል። ወደ ማቅለሚያው ክፍል የሚሄደው ግን ገና ራቁቱን ነው። ጥቅሙን የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ "አንተ በክረምት የቀጨኔን ዳገት ያለ ካፖርት ትወጣለህ?" ይላል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ "የመጀመሪያው ቱቦ ናፍጣ መቀነሱን ተቆጣጣሪዋ ካረጋገጠች ሁለተኛውን እፈቅድልሃለሁ። ካላረጋገጠች ግን ዳግመኛ እንዳታነሳብኝ" ብለውታል።

ተቆጣጣሪዋ ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ስትለካ ቆየች። ከዚያ ላፕቶፕዋ ላይ ጎንበስ ብላ አሰበችና ቀና አለች።

"በልጧል" አለች።

"ምኑ?" አለ የቦይለሩ ሠራተኛ።

"ናፍጣውም መብራቱም። ቱቦው ሳይጠቀለል ከነበረውም ይበልጣል።"

ሥራ አስኪያጁ ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። "እንግዲህ ሰምተሃል" አሉት።

ተቆጣጣሪዋ ግን በስተቀኝ ወዳለው ቦይለር ዞረች። "ይሄኛው ሁልጊዜ ይሠራል?"

"የለም፣ መጠባበቂያ ነው" አለ የቦይለሩ ሠራተኛ።

"ታዲያ ዛሬ ለምን ነደደ?"

"እንዴ! እንግዳ እየመጣ?" አለ፤ ጥያቄው ገርሞት። "ግማሹን ቤት ዘግቼ ልቀበልዎት? ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እኮ ነው ሳሞቀው የቆየሁት!"

ኤሌክትሪሺያኑ ሳቁ አመለጠው። "እሱ ብቻ መሰለዎት? እኔም የመጋዘኑን መብራት አንድ ሳላስቀር አብርቻለሁ። ከተገጠመ ጀምሮ በርቶ የማያውቅ አምፖል ዛሬ ተመርቋል።"

"ማን አብራ አለህ?" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

"እርስዎ ነዎታ ጋሼ። 'ሰው የሌለበት ቤት እንዳይመስል' አላሉኝም?"

ሥራ አስኪያጁ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። በጠራራ ፀሐይ ስድስት አምፖል ይበራል።

ተቆጣጣሪዋ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን "እኔ የምጽፈው የለካሁትን ነው" አለች። "ሌላው ቀን እንደዛሬ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?"

የቦይለሩ ሠራተኛ ወደ እኔ ዞረ። ብዙ ዓመት አብረን ስንሠራ እንደዚያ ሲያየኝ አላስታውስም። "እትዬ፣ በመድኃኔ ዓለም፣ ደብተሩን" አለኝ።

ሰጠኋት። ሁለት ገጽ ገለጠችና ቆመች።

"እማማ፣ ቀኑ የታለ?"

"ተጽፏል።"

"'ገብርኤል' ነው የሚለው።"

"አሥራ ዘጠኝ ማለት ነው።"

"'አቦ'ስ?"

"አምስት።"

"'የአቦ ማግስት'?"

"ስድስት ነዋ!" አለ ኤሌክትሪሺያኑ። "እኔም ገባኝ፣ ቅጠሩኝ።"

አፈርኩ። የቀን ቁጥር እስታለሁ፣ ገብርኤልን ግን ስቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ሥራውን ከጀመርኩበት ጊዜ አንስቶ እንደዚያ ነው የምጽፈው። ሌላ ሰው ያነበዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ልጅቷ ግን አልተቆጣችም። "እኔ ሙስሊም ነኝ እማማ፤ እርስዎ ያንብቡልኝ፣ እኔ እጽፋለሁ" አለችና አንድ የተገለበጠ ባልዲ አቀረበችልኝ።

ተቀመጥኩና መነጽሬን አደረግሁ። እኔ ቀኑን በቁጥር፣ ናፍጣውን፣ ቆጣሪውንና በዳር በኩል የጻፍኩትን የብርድ ልብስ ብዛት እነግራታለሁ፤ እሷ ላፕቶፑ ላይ ትጽፋለች። በመካከሉ የቦይለሩ ሠራተኛ በእግር ጣቱ እየሄደ መጠባበቂያውን አጠፋው። ሁላችንም እንዳላየን ሆንን።

ወደ መጨረሻው ላይ ላፕቶፑም ብዙ አላስፈለገም። ቱቦው ሳይጠቀለል በሚካኤል የሞላነው ናፍጣ በገብርኤል ያልቃል። ከተጠቀለለ በኋላ ለማርያም ይደርሳል። የብርድ ልብሱ ብዛት ያው ነው።

"በሰባት ቀን ያልቅ የነበረው ዘጠኝ ቀን ቆየ" አለች ተቆጣጣሪዋ።

"ጥጡ ተአምር ሠራ በሉኛ" አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

"ተአምር አይደለም፣ ካፖርት ነው" አለው የቦይለሩ ሠራተኛ። ድምፁ ተመልሶለታል።

ልጅቷ የዕለቱን ልኬት አልሰረዘችውም። ከጎኑ "ሁለቱም ቦይለሮች ለእንግዳ ክብር የነደዱበት ቀን" ብላ ጻፈችና የደብተሩን ቁጥሮች ከሥሩ አስገባች። "ደግሜ መጥቼ እለካለሁ" አለች። "ቀኑን ግን አልነግራችሁም።"

"ሳንዘጋጅ?" አለ የቦይለሩ ሠራተኛ፤ ከልቡ ቅር ብሎት።

ሥራ አስኪያጁ የሁለተኛውን ቱቦ መጠየቂያ ወረቀት አምጣ አሉት። ከኪሱ አወጣው፤ ከመታጠፍ ብዛት ጠርዙ አልቋል። በርሜሉ ላይ ዘርግተው ፈረሙለት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፣ አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

"እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥዎት" አለኝ።

"ከነገ ጀምሮ የቀኑንም ቁጥር እጽፋለሁ" አልኩት።

ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ደብተሩን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩ፣ ጃንጥላዬን ያዝኩና ወጣሁ።