የአደባባዩ ሴት ጆሮ

ሚያዝያ ዐሥራ አራት ቀን ረቡዕ፣ ሰፈርተኛው «ካልዳሰስኩ» የሚለው ድንጋይ ጠራቢ በአዲሱ የመኖሪያ መንደር ኮሚቴ ፊት ቀርቦ እንዲያስረዳ ተጠራ። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ጠባዩ ነው፤ ሲሚንቶው ደርቋል ቢሉት እጁን ሳያሳርፍበት አያምንም።

ኮሚቴው ለአደባባዩ ያዘዘው እንግዳ የምትቀበል ሴት ሐውልት ነበር። እሱም ሰባት ወር ጠርቦ አቁሟታል።

«ጋሼ፣ ሥራው ግሩም ነው» አለ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ። «ግን የቀረጹት ባለቤትዎን ነው።»

«ማን አለ?»

«ማን ያላለ አለ! ልብስ ሰፊዋ ትናንት ሐውልቷን እርስዎ ሚስት መስላት ሰላም ብትላት፣ ዝም ብትላት ተቀይማ ሄደች።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሱ አልሳቀም። አስቦ እንዳላደረገው ምሎ ተናገረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አተኩሮ ያየው የሴት ፊት አንድ ብቻ ነው፤ እጁም የሚያውቀው እሱኑ ነው። ሌላ ፊት ከየት ያምጣ? ድንጋይስ ይቀነሳል እንጂ መቼ ይጨመርበታል? ኮሚቴው ግን እጅ አውጥቶ ወሰነ፤ ሴትዮዋ ማንንም አትምሰል።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ገና ከፊቱ አወቀች።

«ልትሸራርፈኝ ነው አይደል?»

«ምን ላድርግ? እምቢ ብል ሌላ ሰው ያመጣሉ። የባዕድ መዶሻ ከሚያርፍብሽ…»

«ተወው። ዕድሜ ልኬን ዞሮ ያየኝ የለም፤ አንድ ጊዜ አደባባይ ብወጣ ሰው ተቀየመኝ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። «ጆሮዬን ብቻ ተዋት።»

ግራ ጆሮዋን በልጅነቷ ጉትቻ ስቦ ሰንጥቋታል። እሱም ሳያውቀው ስንጥቋን ቀርጿት ኖሯል።

ሁለት ቀን ሙሉ አፍንጫውን፣ ጉንጩን፣ ቅንድቡን አወረደ። መሮው ባረፈ ቁጥር ዐይኑን ይጨፍን ነበር። ጆሮዋን ግን አልነካም፤ ማንም ልብ አላለውም ብሎ አሰበ።

ኮሚቴው በጨርቅ ሸፍኖ ያቆየው ሐውልት ሲመረቅ ሚስቱ ከቤት አልወጣችም። ሲመለስ በር ላይ ጠበቀችው።

«ጆሮዬ አለች?»

«አለች። እኔው ነኝ የተውኳት።»

«ዳስሰሃታል?»

ከጨርቁ መገለጥ ጀምሮ ከሰው ኋላ ቆሞ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ብቻውን ሄደ። ጫማውን አውልቆ መቆሚያው ላይ ወጣና ጣቱን ወደ ግራ ጆሮዋ ሰደደ። ስንጥቁ በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ በብርጭቆ ወረቀትም ተፈግፍጎ ለስልሷል። ሲሚንቶው ደርቋል።