መካከለኛው በርሜል

ዛሬም በጎማ ቤት በር ሳልፍ፣ ኮምፕረሰሩ ሲያጓራ ቆይቶ ጵስ ብሎ ዝም ሲል እግሬ ይቆማል። የዘይትና የጎማ ሽታ ያውደኛል፤ አባቴ ትዝ ይሉኛል።

ከአገራችን ወጥተን ወደዚህ ከመጣን ዓመት ቢሆነን ነው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ኪርያት አርዬ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የብረት አልጋ በሚሠራበት ቤት ቀለም እረጫለሁ። አባቴ ግን ሻአሪያ ሰፈር ባለው ቤታችን መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እጃቸውን ሲያዩ ነበር የሚውሉት። አንጀቴን ይበሉኝ ነበር።

የኮምፕረሰራችን የአየር በርሜል ትንሽ ነበር። ግማሽ አልጋ ሳልቀባ አየሩ ያልቅና ቀለሙ ይንጠባጠባል። አሠሪዬ ተናዶ ሰው የሚያክለውን ትልቁን በርሜል ሊገዛ ቆረጠ። ይህን ለአባቴ ባወራላቸው ከተቀመጡበት ተነሡ።

"እስቲ ውሰጅኝ" አሉ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ይዣቸው ሄድኩ። ኮምፕረሰሩ አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲነሣና ሲያርፍ ብዙ አዳመጡት።

"ሞተሩ አቅም የለውም። ትልቁን ልሙላ ሲል እረፍት አጥቶ ይቃጠላል። ትንሹ ደግሞ ለዚች ሥራ አይበቃም፤ የማይቋረጥ ትንፋሽ ትፈልጋለች። መካከለኛውን ይግዛ በይው።"

በዕብራይስጥ ተረጎምኩለት። አሠሪዬ አባቴን ከላይ እስከ ታች አያቸው።

"አባትሽ አገራቸው ሥራቸው ምን ነበር?"

ይገርማል፣ የአባቴን ወናፍ እያናፋሁ ነው ያደግሁት። ግን ጎረቤት ቀጥቃጭ፣ ቡዳ ሲለንም ነው ያደግሁት። ሰው ሲጠይቀን መደበቅ ለምደናል፤ ምላሴም እንደለመደው መለሰ።

"ገበሬ" አልኩት።

"ሐቫል" አለ፤ ያሳዝናል ማለቱ ነው። "ብረት የሚያውቅ ሰው ቢሆኑ ዛሬውኑ እቀጥራቸው ነበር።"

እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ውሸታም እንዳልባል ፈርቼ ዋጥኩት።

"ምን አለ?" አሉ አባቴ።

"አመሰገነዎት።"

ፈገግ አሉ። እስከ በሩ ድረስ ቀና ብለው ሲሄዱ ከኋላ አየኋቸው።

መካከለኛው በርሜል ተገዛ፤ ለዓመታትም ሠራ። አባቴ ዳግመኛ መዶሻ ሳይጨብጡ ሞቱ፤ እኔም ያልኩትን ሳልነግራቸው ቀረሁ። ደፍሬ ብነግራቸው ምን ይሉኝ እንደነበር አላውቅም። ያኔ ግን ከሥራ በገባሁ ቁጥር ከመስኮቱ ሥር ሆነው ይጠብቁኝ ነበር።

"ዛሬስ እንዴት ዋለ?" ይሉኛል፤ ስለ ኮምፕረሰሩ ነው።

"በሰደር፣ ደህና ዋለ አባዬ።"

"ነግሬው ነበር" ይላሉ፤ እጃቸውን እያዩ።