ሰዎቹስ የታሉ?

ልጄ ሲጠብቀው የከረመውን አዲስ የኳስ ጌም ከፍቶ ተናደደ። «አባዬ፣ ማስታወቂያው ላይ ያሳዩን ተጫዋቾች የታሉ?»

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ ኮልፌ፣ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበራቸው ጋሽ በቀለ ብቻ ነበሩ። ዘመዳቸው ከውጭ አገር ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ የኳስ ጨዋታ ሊያመጣ መሆኑን ነገሩን። «ተጫዋቾቹን እንዳሻችሁ ታስሮጧቸዋላችሁ» ስላሉን፣ ክረምቱን ሙሉ እንጨታቸውን ስንፈልጥ ከረምን።

ቀኑ ሲደርስ፣ እንደ ቤቱ ደንብ እግራችንን በር ላይ በልብስ ሳሙና ታጥበን ገባን። የሳሙናው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ጋሽ በቀለ ጨዋታውን ሲከፍቱት ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ነጭ ዱላና አንዲት ነጥብ ብቻ ወጡ። ነጥቧ ጧ፣ ጧ እያለች ትመላለሳለች።

«ሰዎቹስ የታሉ?» አለ ጎረቤቴ ግርማ።

ጋሽ በቀለ ከት ብለው ሳቁ። «ሰዎቹማ ዘመቻ ሄደዋል!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የግርማ ታላቅ ወንድም ከዘመተ ወዲህ ድምፁ እንደጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ግርማ ግን ቀልድ አልመሰለውም። ብድግ ብሎ፣ «መቼ ነው የሚመለሱት?» አላቸው።

ይኸው ልጄ መልስ እየጠበቀ ያየኛል። ከጋሽ በቀለ «ዘመቻ ሄደዋል» ሌላ የሚመጣልኝ የለም።