አንገር የሞላ ዕለት

ጧፍ ሲቀልጥ ከሚወጣው ሽታ ጋር እስከ ዛሬ አልታረቅሁም። ነቀምቴ ከገባሁ ስንት ዘመኔ፤ ጎረቤት ጧፍ ባበራ ቁጥር ግን አፍንጫዬ ቀድሞኝ አንገር ወንዝ ይወርዳል፤ አባቴ የታንኳ ስንጥቅ በሰምና በሞራ ወደሚደፍንበት ግቢያችን።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ ለአቅመ ሔዋን የደረስሁ ልጃገረድ ነበርሁ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ እናቴ ያገሩ ልጅ ናት። አባቴና የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ከዋንዛ ግንድ በተፈለፈሉ ታንኳዎች ገበያተኛ ያሻግሩ ነበር።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። ወፎቹ ዝም አሉ። ላይ አገር የዘነበው ዝናብ ወንዙን አደፍርሶ ግንድ ያንከባልል ጀመር።

"ውሃው ሳይቀድመን!" አለ አባቴ።

ከዳር የነበሩትን ሁለቱን ታንኳዎች አባቴ፣ እናቴና እኔ በጠፍር እየጎተትን ግቢ አስገባናቸው። ደፍተን ከሾላው ግንድ ጋር አሰርናቸው፤ ነፋሱ እንዳያነሣቸው ድንጋይ ጫንንባቸው። ያልደረቀው ሰም እጄ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ሦስተኛው፣ ትንሹ ታንኳ፣ ከአጎቴ ጋር ማዶ ነው፤ ጠዋት ሰው አሻግሮ አልተመለሰም። ሚስቱ ደግሞ እኛ ጓዳ ውስጥ ምጥ ይዟታል። ቀኗ ገና ነው ስንል ድንገት መጣባት። አዋላጇ ወጥታ ለእናቴ፣ "ልጁ ተጋድሟል። ባሏን ትጠራለች" አለቻት።

ወደ ወንዙ ዳር ሮጥን። አጎቴ ማዶ ቆሟል፤ ልምጣ ወይ እንደማለት ወደ ታንኳው ጠቆመ። አባቴ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ከለከለው። ነፋሱ ለአፍታ ሲያርፍ የአጎቴ ድምፅ ደረሰን።

"ነጋዳ?" በኦሮምኛ ሰላም ነው ወይ ማለቱ ነው።

እናቴ አፏን ስትከፍት አባቴ ክንዷን ያዛት። "ከነገርሽው ውሃው ውስጥ ይገባል። ከገባ ወንድም የለሽም።"

"እሷስ?"

አባቴ ወደ ማዶ ዞሮ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ፣ "ነጋዳ!" ብሎ ጮኸ።

አጎቴ ታንኳውን ወደ ዳገቱ ሲጎትት አየሁት። ከዚያ ዝናቡ ማዶን ዋጠው።

ምን ልበላችሁ፣ ነፋሱ የጎተራችንን ክዳን ነቅሎ ወሰደ፤ የቤቱ ሣር እየተመዘዘ በረረ። የአጎቴ ሚስት ከጓዳ የባሏን ስም ትጠራ ነበር፤ መጀመሪያ በጩኸት፣ ኋላ ጎኗ የተቀመጠ ሰው ብቻ በሚሰማው ድምፅ። ልጁ በሕይወት ወጣ። እሷ ግን ሳይመሽ አረፈች።

ከታንኳዎቹ አንዱም አልተነካም።

ውሃው ሲጎድል አጎቴ ተሻገረ። ለቅሶውን ገና ከወንዙ ሰምቶታል። አባቴን ግቢው በር ላይ አገኘው። ሁልጊዜ አንቱ የሚለውን ሰው ያን ቀን አንተ አለው።

"ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ያኔ ሞታ ነበር?"

"አልሞተችም። እየጠራችህ ነበር።"

ይመታዋል ብዬ ነበር። አልመታውም። "ለእኔ ወንዙ ይሻለኝ ነበር" አለና አልፎት ገባ።

ከቀብሩ በኋላ ታንኳውን ጥሎ ወደ ቢላ ከተማ፣ ወደ ዘመዶቹ ሄደ። ጨቅላውን እናቴ ገና ጡት ካልጣለችው ታናሽ እህቴ ጋር አጠባችው። አጎቴ ልጁን ሊያይ ይመጣ ነበር፤ አባቴ ካለበት ቤት ግን አይገባም። አጥሩ ሥር ይቆማል፤ እናቴ "ኮቱ፣ ና ግባ" ብትለው ንቅንቅ አይልም።

አባቴ ደግ ሠርቶ እንደሆነ፣ ክፉ ሠርቶ እንደሆነ፣ በዚህ ዕድሜዬም መፍረድ አልቻልሁም። ያየሁትን ግን እነግራችኋለሁ። አጎቴ ከአጥሩ ሥር ብቅ ሲል አባቴ የጎረሰውን እንኳ ሳይውጥ ይነሣና በጓሮ በኩል ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር። የሚሻገር ሰው ኖሮ አይደለም። እሱ ሲወጣ አጎቴ ይገባል፤ ልጁንም ይታቀፈዋል።