ረቡዕና ዓርብ የሚያርፈው ግራሞፎን

ሄንደርሰን ከተማ፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ በሚሸጥበት ጋራጅ ሴል ያገኘሁት ግራሞፎን ዝግ ሲሆን ሻንጣ ይመስላል። የሩሲያ መሆኑን ያወቅሁት ክዳኑ ውስጥ ከተለጠፈች ትንሽ የብረት ምልክት ነው። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ሳስተረጉማት የፋብሪካውን ስምና ከተማውን ብቻ ነገረችኝ። እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት?

አልተውኩትም። ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈራችን አብረውን የሚኖሩት የባለቤቴ አባት ሩሲያ ስድስት ዓመት ተምረዋል። እዚህ አገር መኪና አይነዱም፣ የልጅ ልጆቻቸው ወሬም አይገባቸውም፤ የቀራቸው ክብር ሩሲያኛቸው ነው። ላከብራቸው ብዬ «አባባ፣ ያንብቡልኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ከሁለት ቃል ላይ አንድ ገጽ መመሪያ አወጡ። ማሽኑ ከመቀመጡ በፊት ሞላው ይላላ፤ አንድ የሸክላ ፊት ያጫወተ መርፌ ይጣል፤ የደረቀ ግሪስ በላምባ ታጥቦ ይቀየር። ካዚኖ ውስጥ የቁማር ማሽን ስለምጠግን ይህ ሁሉ ልክ መሆኑ ገባኝ። ቀጠሉና «ረቡዕና ዓርብ ያርፋል» አሉ። «ሩሲያኖቹም እንደኛ ኦርቶዶክስ ናቸው።»

የሚጾም ማሽን ሰምቼ አላውቅም። ግን አማት በሬ ወለደ ካሉ፣ የአማች ድርሻ ጥጃውን መፈለግ ነው። ዐቢይ ጾምን ሃምሳ አምስት ቀን ጨርቅ ለብሶ ከረመ። የፋሲካ ዕለት ሳዞረው ሞላው ሲንቋረር፣ በአንዴ አታስፈስከው፣ ሆዱ ይታወካል ብለው ተቆጡኝ። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ማንን እንደሆነ ግን እንጃ።

በሐምሌ ባለቤቴ የአባቷን ሩሲያኛ ለአንዲት ሩሲያዊት ጎረቤታችን አውርታላት ኖሮ፣ አሮጊቷ አንድ ረቡዕ ከሰዓት መጣች። ገና ከበር በሩሲያኛ ሰላም አለቻቸው። አማቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ እንጂ ቃል አልወጣቸውም። ደግማ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። እንደገና ጎንበስ አሉ። ባለቤቴ አባቷን ማየት ጀመረች። ሩሲያኛው ባዶ ከሆነ በዚህ ቤት ምን ይዘው ይቀመጣሉ?

ነገሩን ለማስቀየር ግራሞፎኑን ከፍቼ መዘወሪያውን ያዝኩ። አማቴ ከልማዳቸው የተነሳ «ረቡዕ ነው እኮ» አሉኝ። ሴትዮዋ ምን እንዳሉ ስትጠይቀኝ ሌላ ውሸት አልመጣልኝም፤ ምልክቷ ላይ ረቡዕና ዓርብ እንዳይጫወት ተጽፏል ብለው አንብበውልናል አልኳት።

አጎንብሳ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ ከዘራቸውን የጨበጡትን የአማቴን እጆች አየች። በእንግሊዝኛ፣ እያንዳንዱን ቃል እየረገጠች፣ «በትክክል አንብበዋል» አለች። «ረቡዕና ዓርብ አይነካም።» ባለቤቴ ደስ ብሏት ለአባቷ ተረጎመችላቸው።

ሴትዮዋን ሸኝተን ስንመለስ ባለቤቴ ወደ ማድቤት ገባች። አማቴ ክዳኑ ላይ አጎንብሰው ምልክቷን ያያሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ።

«ልጄ» አሉኝ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እውነት እንደሱ ይላል እንዴ?»